በዲዛይነር ያምሮት ደርበው ኅልፈትና በብብት ዚፕ ጉዳይ ከማኅበራችን የተሰጠ መግለጫ

ለማኅበራችን አባላት፣ ለደንበኞቻችን፣ ለእግር ተጓዥ እህቶቻችን፣ እንዲሁም ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬና ለአካባቢው ሕዝብ በሙሉ፤

የደጋ ልብስ የሴቶች ስፌት ማኅበር መሥራችና የዲዛይን ክፍል ኃላፊ የነበሩት ዲዛይነር ያምሮት ደርበው ለጥቂት ቀናት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 19 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ38 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ በትውልድ ቀያቸው በደጋ ዳሞት ተፈጽሟል። ማኅበሩ ኀዘኑን በወጉ ለመግለጽ ደጋግሞ ጽፎ ደጋግሞ ቀዷል። ሰሞኑን የሚወራው ወሬ ቁጭ ብለን እንድናለቅስ እንኳ አላስቻለንም። ስለዚህ ይህ መግለጫ ሥርዓቱን ቢስት አንባቢ ይታገሠን።

ዲዛይነር ያምሮት ከፈረስ ቤት ከተማ በላይ ባለው ብርዳማ አገር ተወልደው፣ ፍኖተ ሰላም ተምረው፣ አዲስ አበባ በልብስ ፋብሪካ ውስጥ ለዓመታት ሠርተዋል። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመልሰው ማኅበራችንን መሠረቱ። ያን ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ተራራ የሚወጡት መምህራንና ነርሶች የሚለብሱት የወንድ ጃኬት ነበር። እጅጌው ከጣት አልፎ ይንጠለጠላል፣ ዳሌ ላይ ደግሞ አልዘጋ ይላል። ዲዛይነሯ ይህን አይተው፣ ሴት ልጅ በውርጭ ስትሄድ በልኳ የተሠራ ልብስ ይገባታል ብለው ተነሡ። ተነሥተውም አልተቀመጡም።

በጥር 2011 ዓ.ም. የመጀመሪያው ልብስ ከፈረስ ቤት በላይ ባለው ሸንተረር ላይ ተሞከረ። ልብሱ ወፍራም፣ እስከ አንገት ድረስ ድፍን ነበር። አቀበቱን ስንወጣ ሁላችንም አላበን፤ ሙቀቱንም አመሰገንን። ጫፍ ላይ ደርሰን ምሳ ለመብላት ስንቀመጥ ነፋሱ መጣ። በላብ የራሰው ልብስ ገላችን ላይ በረዶ ሆነ። አብረውን የወጡት ነርስ ወይኒቱ መንጋጋቸው ተያይዞ፣ ስማቸውን ሲጠየቁ መመለስ አቃታቸው። ጅባራ ከሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ሥር ከልለን፣ እርጥቡን አውልቀን፣ በደረቅ ጋቢ ጠቅልለን ነው በስንት መከራ ያተረፍናቸው። ዲዛይነር ያምሮት ቁልቁለቱን ሁሉ እርጥቡን ልብስ እያገላበጡ ወረዱ። ታች ስንደርስ፣ ሴትዮዋን ሊገድላት የነበረው የውጭው ብርድ ሳይሆን የውስጡ ላብ መሆኑን ነገሩን።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራቸው በሙሉ ላብን ማስወጣት ነበር። ገላን የሚነካው ስስ ጨርቅ ላብ ይመጥጣል። መካከለኛው በደጋ ዳሞት በግ ፀጉር ይሠራል፤ የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ማለት ይኸ ነው። ላይኛው ነፋስና ካፊያ ይመክታል። ከሁለቱም ብብት ሥር ዚፕ አለ፤ አቀበት ሲወጡ ይከፈታል፣ ሲያርፉ ይዘጋል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ልብሱን እስከ ጉልበት አስረዝመው ከጀርባው የነጠላ ኪስ ጨመሩበት። በመንገዷ ቤተ ክርስቲያን ያጋጠማት ተጓዥ ነጠላዋን አውጥታ ተከናንባ ትሳለማለች። ይህን ያየች አንዲት የቡሬ መምህርት የዚያኑ ዕለት ለእህቷም አዘዘች።

የብብቱ ዚፕ ግን ሰላም አልሰጠንም። ላብ ላይ ነፋስ መግባት በአገራችን እንዴት እንደሚፈራ ማንም ያውቃል። ከቡሬ ፍኖተ ሰላም በሚሄድ ሚኒባስ፣ በቀትር ፀሐይ፣ መስኮት የሚከፍት ደፋር እስኪ ይምጣ! ዲዛይነር ያምሮት ይህን ሙግት ከገበያውም ከቢሮውም ሰምተዋል። ዋናዋ ተሟጋች እናታቸው ወይዘሮ ሲሳይነሽ ላቀው ነበሩ። ያላበው ሰው ይሸፈናል እንጂ ይከፈታል ወይ እያሉ በየሄዱበት ይከሷቸው ነበር። ልጃቸው «እሺ እማዬ» ይሉና ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

አሁን ወደሚያንገበግበን ነገር እንምጣ። በለቅሶው ዕለት እንደ አገሩ ወግ የሟች ልብስ ወጣ። ከሁለት ሳምንት በፊት ሸንተረሩ ላይ ለሙከራ የለበሱት ያ ልብስ፣ ዚፑ እንደተከፈተ፣ በአንዲት ዘመዳቸው ትከሻ ላይ ሆኖ ለቅሶውን ዞረ። አልቃሿም አይተው እንዲህ አሉ፤

ለነፋስ በር ከፍታ፣ በብብቷ ሥር፣
ብርድ ገብቶ ወሰዳት፣ ከዚህ ምድር።

ግጥሙ ያምራል፤ እኛም አልቅሰንበታል። እውነት ግን የለበትም። የአልቃሿን ስም አንጠቅስም፣ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ማኅበሩ ቅር አልተሰኘም ብንል ግን ውሸት ይሆንብናል። ግጥሙ በቅዳሜ ገበያ ፍኖተ ሰላምን አዳርሶ ሰኞ ቡሬ ገባ። ደንበኞች ልብሳቸውን እያመጡ ብብቱን ስፉልን ማለት ጀመሩ። ይባስ ብሎ ከራሳችን አባላት መካከል መርፌ ያነሡ አሉ።

ስለዚህ በቤተሰቡ ፈቃድ የሚከተለውን እናስታውቃለን። ዲዛይነር ያምሮት ያረፉት ከልጅነታቸው ጀምሮ አብሯቸው በኖረ የልብ ሕመም ነው። ሐኪሞቻቸው ይህንኑ አረጋግጠዋል። እሳቸውም ያውቁት ነበር፤ አቀበት ላይ ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀሩት ለዚሁ ነበር፣ እኛ ስፌቱን እየመረመሩ ይመስለን ነበር እንጂ። በብርድም በነፋስም አልሞቱም።

ጥር 13 ቀን ተጓዥ እህቶቻችን ይህንኑ ልብስ ለብሰው ያንኑ ሸንተረር ይወጣሉ። ዚፑ ከተሰፋ በላብ ርሰው ጫፍ ላይ ይደርሳሉ፤ ወይኒቱን ያገኘ ነገር ያገኛቸዋል። ያን ጊዜ ፈጥነው ያወቁት ያምሮት ነበሩ፤ ዛሬ እሳቸው የሉም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ብብት እንዲሰፋ የሚቀርብ ልብስ ማኅበሩ አይቀበልም። የሰፋችሁም ፍቱት።

በዚህ አጋጣሚ ለቤተሰባቸው፣ አብረዋቸው ለቆረጡና ለሰፉ ባልደረቦቻቸው፣ ሱፉን ለሚፈትሉልን የደጋ ዳሞት እናቶች ሁሉ ጥልቅ ኀዘናችንን እንገልጻለን። ማኅበሩ አንድ ሰው አልጎደለበትም፤ ወገቡ ነው የተቆረጠ።

ለወይዘሮ ሲሳይነሽ ግን ማጽናኛ በወረቀት መላክ ስላልሆነልን፣ ልጃቸው ባረፉ በሰባተኛው ቀን ቤታቸው ድረስ ሄድን። እውነቱን ለመናገር ፈርተናል። እሳቸው «ዝጉት» ካሉ በአገሩ ማንም እኛን አይሰማም። የልጃቸው ልብስ ጭናቸው ላይ ነበር። ስለ ግጥሙም ስለ ጉዞውም ሰምተዋል። ብዙ ጊዜ ጨርቁን ሲዳስሱ ቆዩና እንዲህ አሉን፤

«ላባችሁ ሲመጣ ክፈቱ፣ ስታርፉ ዝጉ ትል ነበር፤ እኔ ሰምቻት አላውቅም። እሷ ሳታይ እሰፋባታለሁ፣ አንድ ቃል ሳትናገረኝ ትፈታዋለች። እኔ ስሰፋ እሷ ስትፈታ ኖርን። አሁን ብሰፋው የሚፈታልኝ የለም። ልጆቼ፣ አትስፉት።»

ለእሳቸውም ለሁላችንም እግዚአብሔር መጽናናቱን ይስጠን።

የደጋ ልብስ የሴቶች ስፌት ማኅበር
ፍኖተ ሰላም