ለቀይ ታኮ ጫማ የተሰራ እግር

ውድ እማዬ፣

አሰላሙ አለይኩም። ሰላምታውን ያስቀደምኩት ቀጥሎ የምልሽ ነገር ስለማያምር ነው። ተናድጄብሻለሁ። በሞተ ሰው መናደድ ነውር እንደሆነ አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ፤ ግን በማን ልናደድ? ወንድምሽን አያ ኑሀን ብቆጣው ያለቅሳል። እትዬ ብዙነሽን ብቆጣት ደግሞ አሁንም ከስፌት ቤቴ ደጅ ላይ ነው ሽንኩርት የምትሸጠው፣ ቀኑን ሙሉ ፊቷን አዙራብኝ ትውላለች። ስለዚህ ቁጣዬ ላንቺ ደረሰሽ።

እግሬ ታሟል እማዬ። የተቆረጠው ጫፍ ቆስሏል። ድሮም ይቆስል ነበር ትይኛለሽ። አዎ፣ ይቆስልና ለብ ባለ ውሃና በጨው አጥበሽ "አብሽሪ" ስትይኝ ይድን ነበር። የአሁኑ አልድን አለ። ሆስፒታል ሄጄ ሐኪሟ ፋሻውን ስትፈታው ፊቷ ልውጥ አለ። "ቁስሉ ወደ ላይ ከሄደ ከጉልበትሽ በላይ መቁረጥ ሊመጣ ነው። ይሄን ሰው ሰራሽ እግር ከዛሬ ጀምሮ አውልቂው፤ ሳትዘገዪ ልክሽ የሆነ ሌላ አሰሪ" አለችኝ።

ጉልበቴን! ያን ቀን ማሽላው ማሳ ውስጥ አገዳ ስንለቅም ከጦርነቱ የተረፈው ጉድ ሲፈነዳ፣ ሻሽሽን ፈተሽ እያሰርሽኝ "ጉልበቷ አለ፣ አልሀምዱሊላህ፣ ጉልበቷ አለ" ትይ ነበር። ሰው ሁሉ ለሄደው እግሬ ሲጮህ አንቺ የቀረውን ታመሰግኝ ነበር። ሱጁድ የምወርደው በዚህ ጉልበት ነው። ከአልጋ የምነሳው፣ ከባጃጅ የምወርደው በዚህ ጉልበት ነው። እሱም ከሄደ ምኑን ይዤ እቆማለሁ? ያ ጀሊል፣ እሱንስ አትንካብኝ እያልኩ ነው የምውለው።

እንግዲህ "እግሯን የት ታሰራ" የሚለው ጉዳይ የቆቦ ገበያ ወሬ ሆኗል። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ሁሉ ልኩን ሳልወስድለት ምክሩን ይሰጠኛል። አያ ኑሀ መቀሌ ይላል፤ ከዋጃ አልፎ መንገዱ ዛሬ ሰላም ነው ሲባል ነገ ደግሞ ሌላ ይወራል፣ እሱ ግን "ኢንሻአላህ እናልፋለን" ነው መልሱ። እትዬ ብዙነሽ አዲስ አበባ ትላለች፤ ደውዬ ጠየቅኩ፣ ወረፋው ከመኸር በኋላ ነው። ቁስሌ መኸር የሚጠብቅ ይመስል! ደሴ የሚል ሰው ግን አንድም የለም። ለምን እንደማይሉ ታውቂያለሽ።

ሕመሙ የጠናብሽ ጊዜ እጄን ይዘሽ ያልሽኝን አያ ኑሀም ሰምቷል፣ ጎረቤቱም ሰምቷል። "ፈሪሀ፣ አደራሽን፣ ያን የደሴውን እግር ሰሪ ቤት ደጁን እንዳትረግጪ። ልጄን ያበላሹብኝ እነሱ ናቸው። ከረገጥሽ ያጠባሁሽ ጡት ይፋረድሽ።" እኔም "እሺ እማዬ" አልኩ። ምን ልበል? ያን ሰዓት ጨረቃን አውርጂልኝ ብትይኝም እሺ እልሽ ነበር።

ደሴ የሄድን ጊዜ ትዝ ይልሻል? ከመሄዳችን በፊት ገበያ ወጥተሽ ያን ቀይ ታኮ ጫማ ገዛሽልኝ። "ደሴ ከተማ ነው፤ የቆላ ሰዎች ናቸው ብለው እንዳይንቁን" አልሽ። እኔ በሕይወቴ ታኮ አድርጌ አላውቅም። እግር ለማሰራት የሚሄድ ሰው ጫማው ለምኑ ነው ብል "ዝም በይ፣ ሰው የሚያየው ጫማሽን ነው" ብለሽ ተቆጣሽኝ። እዚያ ስንደርስ እግር የሚሰራው ልጅ በጀሶ ልኬን ከወሰደ በኋላ አንዱን ጫማ አንስቶ "ሁልጊዜ የምታደርጊው ጫማ ይሄ ነው?" አለኝ። አፌን ሳልከፍት አንቺ ቀደምሽ። "አዎ! ልጄ ሌላ ጫማ አታደርግም!" ወይ እማዬ! በር ላይ በረባሶዬን በፌስታል ጠቅልለሽ በእጅሽ ይዘሽው ነበር እኮ። ደጅ ወጥተን እስኪያመን ሳቅን። እኔም ኩራት ኩራት ብሎኝ ነበር።

ቆቦ ስንመለስ ቀዩ ጫማ አልጋ ስር ገባ። በእኛ አሸዋ ታኮ የት ሊሄድ? በረባሶዬን አደረግኩና ከዚያ ቀን ጀምሮ መሬቱ ሁሉ ዳገት ሆነብኝ። "እማዬ፣ ወደ ኋላ ይገፋኛል" ስልሽ "ትለምጂዋለሽ" አልሽ። ከዚያ መቁሰል ሲጀምረኝ የደሴውን ቤት ትረግሚ ጀመር። ለክትትል ኑ ብለው ሲደውሉ ስልኩን ነጥቀሽ "ያበላሻችሁት ይበቃል" ብለሽ ዘጋሽባቸው። በዚህ ሜዳ አገር ላይ ስንት ጊዜ ዳገት እንደወጣሁ አላህ ነው የሚያውቀው።

ባለፈው ሐሙስ አንድ ኤፍሬም የሚባል ባለሙያ ቆቦ ሆስፒታል መጥቶ እንዲህ እንደኔ ያለውን ሰው ያይ ነበር። በክራንች እያነከስኩ እግሬን በማዳበሪያ ይዤ ሄድኩ። "ከየት ነህ?" አልኩት። "ከደሴ፣ ከእግር ሰሪው ቤት" አለኝ። ማዳበሪያዬን አንስቼ ልወጣ ስል "እህቴ፣ ቁስሉን ብቻ ልየው" አለ። ቁስሉን አየ። ከዚያ እግሩን ጠረጴዛ ላይ አቆመው። እግሩ ወደ ኋላ ጋደል አለ። ልጁ ዙሪያውን ፈለገና የክብሪት ቀፎ አንስቶ ተረከዙ ስር ሸጎጠው።

እግሩ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እማዬ።

"ይሄ ሲሰራ ምን ጫማ አድርገሽ ነበር?" አለኝ። ቀዩ ጫማ ፊቴ ድቅን አለ። "ሰው ሰራሽ እግር የሚቆመው በጫማው ከፍታ ልክ ነው። ለታኮ የተሰራውን በበረባሶ ከሄድሽበት ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይጥልሻል፣ ጫፉንም ይፈገፍገዋል። ተመልሰሽ ብትመጪ ኖሮ እዚያው ቁጭ ብለሽ የሚስተካከል ነበር" አለኝ። እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ "እና አሁን ክብሪቱን ልለጥፍበት?" አልኩት። ልጁ አልሳቀም። "አሁን አልፏል። እግርሽ ከስቷል፣ ቁስሉም ጠልቋል። አዲስ ያስፈልግሻል። ሰኞ ከመጣሽ ቁስሉን እያከምን ደርቆ ሲያበቃ እንለካሻለን። ሳምንታት ካለፉ ግን ለጉልበትሽ ዋስ አልሆንም።"

የክብሪት ቀፎ! የዚያን ሁሉ ጊዜ ለቅሶ የክብሪት ቀፎ ያስታግሰው ነበር! እኔስ ልብስ ሰፊ ሆኜ እንዴት አልገባኝም? ለልክ የሚመጡ ሴቶች ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስበው ሲቆሙ "ተንፍሺ እህቴ፣ ቀሚሱን የምትለብሺው እየተነፈስሽ ነው" እያልኩ የምስቅባቸው እኔ ነኝ። ቤት ገብቼ ያን ቀይ ጫማ ከአልጋ ስር አውጥቼ ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። ከዚያ ሄጄ አነሳሁት፣ አቧራውን ጠረግኩለት፣ ታቅፌው አለቀስኩ። አንቺን መጥላት ፈልጌ ነበር፣ ወላሂ አልቻልኩም። ሰው እንዳይንቀኝ ብለሽ ነው። የረገምሻቸው ሰዎችም ምንም አላጠፉም። ይሄን ሁለቱን ባንድ ልብ ይዞ መዋል እንዴት እንደሚከብድ ብታውቂ!

ለአያ ኑሀ ነገርኩት። "እህቴ በሞት አፏ የተናገረችውን እኔ አልሽርም" አለኝ። "ጉልበቴስ አያ?" አልኩት። ሰው ሰራሹን እግር ፊቱ አቁሜ የክብሪት ቀፎ ሰጠሁት። ሸጎጠው፣ ቀጥ አለ። አወጣው፣ ጋደለ። ደግሞ ሸጎጠው። ደግሞ አወጣው። ከዚያ ዱላውን አንስቶ ወጣ። ተቀየመኝ ብዬ እህል በአፌ ሳይገባ አደርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ስፌት ቤት መጣ። ፌስታል ይዟል። ውስጡ ያንቺ ኮንጎ ጫማ ነው፣ ያ ሰማያዊው፣ ጎኑን በእሳት ያጣበቅሽው። "ልብሷን ሁሉ ሰደቃ ስንሰጥ ይሄን ግን ለመስጠት እጄ አልሄድ አለኝ። ቁጥራችሁ አንድ ነው። ይሄን ይዘሽ ደሴ ሂጂ። ጉልበትሽም የአላህ አደራ ነው" አለ። "እማዬስ?" አልኩት። "እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ። ከተቆጣች ሁለታችንንም ትቆጣን" አለና ዞሮ አፍንጫውን ተናፈጠ።

ግን እማዬ፣ የአያ ኑሀ ቃል አልበቃኝም። ያጠባኝ ጡት የሱ አይደለም። ቃልሽን አፍርሼ ሄጄ፣ አዲሱም እግር ሳይሆን ቀርቶ ጉልበቴ ቢቆረጥ፣ እርግማንሽ ነው ብዬ ልኖር ነው። ሳልሄድ ቀርቼ ቢቆረጥ ደግሞ አንቺን እየወቀስኩ ልኖር ነው። ሁለቱንም አልችለውም። ፈርቻለሁ። በጣም ፈርቻለሁ። እንዲህ ስፈራ "አብሽሪ" የምትይኝ አንቺ ነበርሽ፣ አሁን ማን ይበለኝ?

ሰኞ ጠዋት ሚኒባሱ በሮቢት በኩል ያልፋል። መቃብርሽ ከመንገዱ ዳር ነው፣ ከመስኮቱ ይታያል። አያ ኑሀ ሾፌሩን ያስቆመዋል፣ ሱሪውን በነፃ ስለምሰፋለት እምቢ አይልም። በክራንች እስካለሽበት እመጣለሁ፣ ይሄንንም አነብልሻለሁ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። አፉ በይኝ። ተቆጥተሽም ቢሆን ይቅር ብለሽ አፉ በይኝ።

ደሴ ስንደርስ ልኬን የሚወስደው ልጅ "ሁልጊዜ የምታደርጊው ጫማ የትኛው ነው?" ይለኛል። ያን ጊዜ ቀድሞኝ የሚመልስ ሰው የለም። ፌስታሉን ፈትቼ ያንቺን ኮንጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ "ይሄ ነው፤ የእናቴ ነው፤ በዚህ ልክ ስሩልኝ" እለዋለሁ።

አፉታሽን የምትጠብቅ ልጅሽ፣
ፈሪሀ፣ ከቆቦ