ያ ምስኪን ሰውዬ ማነው?

ለውድ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል ጋሼ? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? መጋዘኑ ውስጥ ከባድ ዕቃ ማንሳት ትተህ ወደ ዕቃ መዝጋቢነት መዛወርህን ሰምተን እፎይ ብለናል። እውነት ከሆነ ደግመህ ጻፍልን፤ እማዬ እንደምታውቃት ነች፣ ደስ የሚል ወሬ ሁለቴ ካልሰማች አታምንም። እታለምስ ደህና ናት? ልጃችሁን ጥርሱ ሲወጣ ያስቸገረው ትኩሳት ለቀቀው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን ነገር የለም። እማዬ ብርድ ሲሆን ጉልበቷን ይነዝራታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ትንሿ እህታችን በቁመት ልትደርስብኝ ነው፤ በወሬ ግን ከቀደመችኝ ሰነባብታለች።

የኮሌጁ ነገር ምን ደረሰ ብለህ ጠይቀሃል። ረጅም ነው፤ ተቀመጥና አንብበው።

እኔ ማመልከቻ ሲባል የትምህርት ማስረጃና የአስተማሪ ምስክርነት ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ዋናው ጣጣ ሌላ ነው። ስኮላርሺፕ የሚፈልግ ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን መማር እንደሚፈልግና ለምን እንደሚፈልገው በአንድ ገጽ ስለ ራሱ መጻፍ አለበት። ምን መማር እንደምፈልግስ አባባ የጉሮሮ ቀዶ ጥገና ካደረገ ወዲህ አውቀዋለሁ። ሆስፒታል ሳስታምመው ያየኋት ባለሙያ አለች፤ እንደሱ በሕመም የተነሳ የድምፅ ማውጫቸው የወጣላቸውን ሰዎች እንደገና መናገር ታስተምራለች። ዘዴው አየር ዋጥ አድርጎ እንደ ግሳት መመለስ፣ ያንን ግሳት ደግሞ ቃል ማድረግ ነው። የሷን ሙያ ነው የምፈልገው። አባባ ግን አንድ ቀን ሞክሮ ከራሱ አፍ የወጣውን ሻካራ ድምፅ ሲሰማ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ፤ አልተመለሰም። መናኸሪያ ቆሞ መንገደኛ ሲጠራ ከገበያው ማዶ ይሰማ የነበረ፣ ሰው ሁሉ "ደወል" እያለ የሚጠራው ሰው፣ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዴት ይዋጥለት? ከዚያ ወዲህ የሚያወራው በእጁና በፊቱ ነው። እንግዳ ሲመጣ እኔ አስተረጉምለታለሁ።

ማን እንደሆንኩ መጻፍ ግን ጠጠር አለብኝ። "ታታሪ፣ ቅንና ሰው አክባሪ ነኝ" ብዬ ጀመርኩና መልሼ ሳነበው የሟች የሕይወት ታሪክ መሰለኝ። የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊዋን ልጅ፣ ያቺን በስኮላርሺፕ ተምራ የተመረቀችውን፣ ምከሪኝ አልኳት። "እነዚህ ሰዎች ስንት ጽሑፍ እንደሚያነቡ ታውቂያለሽ? ካላስለቀስሻቸው አያስታውሱሽም" አለችኝ። "አባትሽ አለልሽ አይደል እንዴ? ስለሱ ጻፊ፤ ጨመር ጨመር አድርጊበት።" ጨመርኩበት ጋሼ። እንዲያውም እጄ ለዚህ የተፈጠረ ይመስል ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እማዬ፣ "እስኪ አንብቢልን፤ የተማረች ልጅ የወለድኩት ለመቼ ነው?" ብላ አስቀመጠችኝ። እሷ ካልሲ ትሰፋለች፤ አባባ ለማግስቱ የሥራ ሸሚዙን ይተኩሳል። ድምፄን ሞረድ ሞረድ አድርጌ ጀመርኩ። "አባቴ ድምፁን ካጣ ወዲህ ከሰው ተራ ወጥቶ በዝምታ ጨለማ ውስጥ ይኖራል" የሚለው ጋ ስደርስ ካውያው ቀጥ አለ። "እኔ አንደበት ባልሆነው ኖሮ በቁሙ እንደተቀበረ ነበር" ስል እማዬ መርፌዋን ካልሲው ላይ ሰክታ ቀና አለች።

አባባ ወረቀቱን ጠቆመ፤ አገጩን ፂም እንዳለው ሰው ዳሰስ አድርጎ መዳፉን ወደ ላይ ከፈተ። ትንሿ እህታችን ቀበል አድርጋ፣ "ያ ምስኪን ሰውዬ ማነው? እያለሽ ነው" አለችኝ። አባባ መሐረቡን ከኪሱ አወጣና ለዚያ ለማያውቀው ሰውዬ ዓይኑን ጠረገለት፤ ከዚያ መሐረቡን እንደታጠበ ልብስ ጨምቆ ለእማዬ አቀበላት። እማዬ በሳቅ ስትፈርስ ካልሲው ከእጇ ወደቀ። እኔን ብቻ እስከ ጆሮዬ ጋለኝ። ሳቁ ሲበርድ አባባ አጠገቤ መጥቶ ትከሻዬን ያዘና፣ ነገ አብረሽኝ ሥራ ትሄጃለሽ አለኝ በእጁ። ያን ጊዜ ዓይኑ አይስቅም ነበር።

እውነቱን ልንገርህ፣ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ መናኸሪያው ደርሼ አላውቅም። ከሥራው ያላስወጡት አዝነውለት ይመስለኝ ነበር። ሄጄ ሳየው ግን አባባ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ እንደ ከበሮ ይመታል፤ ለየመስመሩ የራሱ አመታት አለው፣ መንገደኛው አመታቱን ሰምቶ ሻንጣውን ያነሳል። በእጁ ተራራ ከሠራ ወደ ደጋው ነው፤ ጣቶቹን እንደ ውሃ ካወዛወዘ ወደ ወንዙ። የሞተሩ ጩኸት ሲበዛ ሾፌሮቹም እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት ከሱ በለመዱት ምልክት ነው። አንዲት ሴትዮና አንድ ነጋዴ በመስኮት ወንበር ተጣልተው አውቶቡሱን ሲያውኩ አባባ ገባና መጀመሪያ የሷን ኩርፊያ፣ ቀጥሎ የሱን ፉከራ በፊቱ አስመስሎ አሳያቸው። ተሳፋሪው በሳቅ አለቀ። ነጋዴውም ሳይወድ በግዱ ስቆ ወንበሩን ለቀቀ።

ቆየት ብሎ አንድ ኮስታራ መንገደኛ፣ "ስጠይቅህ ምን ይዘጋሃል? አፍ የለህም?" ብሎ ጮኸበት። እኔ ላስረዳ ዘልዬ ስገባ አባባ ዞር ሳይል እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ አቆመኝ። ሻርፑን ገለጥ አድርጎ የሚተነፍስባትን የአንገቱን ቀዳዳ አሳየው፤ ከዚያ የሰውዬውን ሻንጣ ተሸክሞ እስከ ወንበሩ ሸኘው። ሰውዬው የሚገባበት ጠፋው። እኔም እዚያው ቆሜ፣ እኔ ለአባባ የማስበውን ያህል እንደማላስፈልገው ገባኝ። ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ አላወቅኩም።

አዲሱን ጽሑፍ፣ "አባቴ ቃል ሳያወጣ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ያስቃል" ብዬ ጀመርኩት። ያየሁትን ብቻ ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ ግን አንድ የሚከብድ ነገር ነበር፤ መናገር መማር እንደሚችል፣ ነገር ግን በአዲሱ ድምፁ እንደሚያፍር፣ እኔም እንዲህ የሚያፍሩ ሰዎችን መርዳት መማር እንደምፈልግ። ይህን ከመላኬ በፊት አባባን አስፈቀድኩት። ራሱን በእሺታ ነቀነቀልኝ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ አንብባ፣ "ስኮላርሺፕ በሳቅ ሲሰጥ አይቼ አላውቅም፤ የመጀመሪያውን ላኪ" አለችኝ። ልቤ ሊከዳኝ ሲል እማዬ፣ "እኔ ያገባሁት ይሄኛውን ሰውዬ ነው፤ ይሄኛውን ላኪ!" ብላ ነገሩን ቆረጠችው።

ካመለከትኩባቸው ሁለት ኮሌጆች አንዱ "እናዝናለን" ብሎ መለሰልኝ። ሁለተኛው ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ያዘጋጀሁትን ሁሉ ጠይቀውኝ ሲጨርሱ፣ መሐል የተቀመጠችው መነጽራም ሴትዮ ረጋ ብላ፣ "አንቺ ስትሄጂ ለአባትሽ ማን ይናገርለታል?" አለችኝ። ሳላስበው "ራሱ" የሚል ቃል ከአፌ አመለጠ። ቤት ገብቼ ይህን ስነግራቸው አባባ ሸሚዙን እየተኮሰ ነበር። ቀና ሳይል ኮሌታውን ደጋግሞ ተኮሰው።

በዚያው ሳምንት ግን የተኮሰውን ሸሚዝ ለብሶ በመናኸሪያው መንገድ ሳይሆን በሆስፒታሉ መንገድ ወጣ። ማንንም ተከተለኝ አላለም። ከዚያ ወዲህ ጓሮ፣ ከውሃው በርሜል ጀርባ ተደብቆ ይለማመዳል። እማዬ "በስተርጅና እንቁራሪት አገባሁ" ትላለች፤ እሱ ሲለማመድ ግን የጓሮውን በር ዘግታ እንግዳ አታስገባም።

ኮሌጁ በስኮላርሺፕ የተቀበለኝ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል መጣ። የቤት አከራያችን አባባን፣ "ልጅህ ልትሄድብህ ነው፤ እንዴት ነው ሆድህ?" ብለው ጠየቁት። እኔም እንደ ልማዴ "ደስ ብሎታል፣ ግን" ብዬ ስጀምር፣ ከኋላዬ ዝቅ ያለ ሻካራ ድምፅ "ቆዪ" አለ። ማን እንደተናገረ ፍለጋ ዞርኩ። አባባ ነው። ግንባሩን ላብ አርሶታል። አየር ዋጥ አደረገና "እኔ... ልናገር" አለ። ደግሞ ዋጠ። "ትሂድ።"

እማዬ ያን ቀን የምትለው ጠፋት ጋሼ። እሷን እንዲህ አይተሃት ታውቃለህ?

እንግዲህ ትምህርት ሲከፈት እሄዳለሁ፤ መኝታው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። እማዬ አንተንና እታለምን በጣም ናፍቃችኋለች፤ ልጁን ብርድ እንዳታስመቱት ትላለች። ትንሿ እህታችን የልጁን ፎቶ ላክልኝ፣ ያለፈው ላይ ዓይኑን ጨፍኗል ብላሃለች። እኔም ሦስታችሁንም እያገላበጥኩ ስሜያችኋለሁ። አባባ ደግሞ እስከዛሬ ስትደውል ወደ ስልኩ የማይመጣው አንተን ተቀይሞ እንዳልነበረ ንገሪልኝ ብሏል። በሚቀጥለው ስትደውል እሱ ነው የሚያነሳው። መጀመሪያ ዝምታ ብቻ ትሰማለህ፤ አየር እየዋጠ ነው። መስመሩ የተቆረጠ መስሎህ እንዳትዘጋው።

እህትህ

ከቤታችን፣ ነሐሴ ፲፪ ቀን