«ጣልሁ» ያልሁ ዕለት

ለውድ ወንድምዓለም ዘመነ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የጁባ ወባ ዘንድሮ ተወህ ወይስ አሁንም እየጣለ ያነሣሃል? ባለቤትህ ሥራነሽስ ደኅና ናት? ልጃችሁ ሂዊ ጥርስ አወጣች? እኛ ሁላችን፣ ሮብ ገበያ የምትኖረው እናታችንም ጭምር፣ ደኅና ነን። ሰሞኑን ግን ደኅና የሚለው ቃል ራሱ ከአፌ ሲወጣ እየጎመዘዘኝ ነው።

ባለፈው በስልክ ልነግርህ ስጀምር «ከየኋላሸት ጋር በቁማር ተቀያየማችሁ? አታፍርም?» ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ። እሱ ቀድሞ ደውሎልሃልና አልፈርድብህም። ኧረ እንዲያውም እፈርድብሃለሁ! የእናትህ ልጅ እኔ ነኝ እንጂ እሱ አይደለም። ወረቀት ጆሮ ላይ ስለማይዘጋ ይኸው ጻፍሁልህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፋሲካው ሳምንት ቅዳሜ እዚህ ማርቆስ አንድ ሆቴል የፖከር ውድድር አዘጋጀ። ሽልማቱ ባጃጅ ነው፤ አዲስ፣ የወንበሩ ላስቲክ ያልተላጠ። ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ባጃጅ ስነዳ እንደኖርሁ ታውቃለህ። ባለቤቱ በሰኔ ሊሸጠው ነው፤ እኔም እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ ነው። ያንን አዲሱን ባጃጅ ክላክስ እያስጮኽሁ እናታችን ደጅ ድረስ ስገባበት በሐሳቤ ስንት ጊዜ አየሁት መሰለህ!

ዳኛው የኋላሸት ነበር፤ ያ አንተ የምትምልበት ጓደኛህ፣ የእቁባችንም ዳኛ። ጠዋት ቆሞ ደንቡን አነበበልን። በተራው ከተጫዋች አፍ የወጣ ቃል ይጸናል፣ እጅ ከሚሠራው ይልቅ አፍ የተናገረው ይቆጠራል፣ ካርታውን የጣለ ያን ዙር ለቀቀ፣ ከውዳቂው ጋር የተቀላቀለ ካርታም አይነሣም አለ። ጥሩ ደንብ ነው፤ በደንቡ ቅር አላለኝም።

ከቀትር በፊት ደምለው የሚባለው፣ የኋላሸት ሚስት ወንድም፣ ተራው ደርሶ «ይለፈኝ» አለ። ወዲያው የእኔን ፊት አየና «አይ፣ አስይዛለሁ» ብሎ ጠጠሩን ገፋ። ጠጠር የምልህ በብር ፋንታ የምናስይዘውን ክብ ፕላስቲክ ነው። «ቃል ይጸናል አላልህም ወይ?» ብዬ የኋላሸትን ብጠይቀው ፈገግ ብሎ «አፉን አዳልጦት ነው፤ በበዓል ነገር አታክርር» አለኝ። እኔም ሞኙ ተውሁት።

ከሰዓት በኋላ እኔና ደምለው ብቻ ቀረን። በእጄ ሁለት ንጉሥ ይዣለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ሌላ ንጉሥ ተገልጧል፤ ሦስት ንጉሥ ይዞ የሚሸሽ የለም። አብዛኛው ጠጠሬ ቀድሞ መሐል ገብቷል። ደምለው ጨምሮ አስያዘ። እኔም የቀረኝን ጠጠር በሁለት እጄ አቀፍሁና «ሁሉንም ጣልሁ!» አልሁ። ወንድምዓለም፣ እስቲ አንተ ፍረደኝ፤ እኛ እቁብ ስንጥል ምን እንላለን? ሌላ ቃል መች ለምደን! ጠጠሩን ሳልገፋው ካርታ የሚያድለው ሰውዬ ካርታዎቼን እፍስ አድርጎ ከውዳቂው ጋር ቀላቀላቸው።

ተነሥቼ ጮኽሁ። የኋላሸት መጣ፤ እጄ የት እንዳለ አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ። «ጣልሁ ካልህ ካርታህን ጥለሃል። ሁሉንም ማለትህም ሁለቱንም ካርታ ማለትህ ነው። ቃል ይጸናል» አለ። አይ አፍ! ሦስት ዓመት ቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ ስፈታ ኖሬ በአንዲት ቃል እንዲህ ልያዝ? የቀረችኝንም ጠጠር በእልህ ሳስይዝ ወዲያው ጨረስኋት። ባጃጁን ደምለው አስነሥቶ ሄደ።

ሌላ ዳኛ ቢሆን ኖሮ ቃሌን አልተረዳልኝም ብዬ እተወው ነበር። የኋላሸት ግን በየእሑዱ ስማችንን እየጠራ «ጣልህ?» የሚለን፣ እኛም «ጣልሁ» የምንለው ሰው ነው። ቃሉን ከእሱ ነው የለመድሁት! አንጀቴን ያሳረረኝ ይኸ ነው እንጂ ባጃጁ አይደለም። ባጃጁም አሳርሮኛል፣ ምን ልዋሽህ።

ባለፈው እሑድ እቁብ ላይ ተራዬ ደረሰና ምንም እንዳልተፈጠረ «አንተነህ፣ ጣልህ?» አለኝ። አንዱ ሳቁን አፈነ። ድርሻዬን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁና «ጣልሁ» አልሁት። እስክሪብቶውን አነሣ። «ቆይ፣ እንዳትሳሳት፤ ዛሬ የጣልሁት አንተን ነው» ብዬው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ እሱ በሚያልፍበት መንገድ አላልፍም።

እናታችን ስምህን ሳትጠራ ጸልያ አታውቅም፤ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደኅና ናት፣ ትስምሃለች። እኅታችን የብርጓልም ናፍቀሃታል፤ የላክህላት ነጠላ ጫማ ልክ ሆኗታል። ሥራነሽን ሰላም በልልኝ። ሂዊን ጉንጯን ሳምልኝ፤ አጎት እንዳላት ንገራት። የኋላሸትም ሰላም በልልኝ ብሎ ሰው ልኮብኛል፤ ራሱ ያድርስ።

ወደ ጁባ የተነሣህ ዕለት መናኸሪያው ላይ እጄን በእጁ አስይዘህ «ወንድሜን አደራ» ብለኸው ነበር። ያን ጊዜ በአደራ የሰጠኸኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ቁማር ላይ አስይዘኸኝ ኖሯል።

ታናሽ ወንድምህ አንተነህ
ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 2 ቀን 2014 ዓ.ም.