በግራ ክንፉ ሥር ያለው ጉብታ

ታኅሣሥ 1973 ዓ.ም.
ቦረና አውራጃ፣ ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ መውጫ፣ ጨፌ

ለተከበሩ ጓድ ምናለ
የአሮጌ አውሮፕላኖች ወዳጆች ክበብ ሊቀ መንበር
አዲስ አበባ

ክቡር ጓድ ሆይ፤ «ክቡር» የሚለው ይስማማዎት እንደሆነ ወይም «ጓድ» ብቻ ይበቃዎት እንደሆነ ስላላወቅሁ ሁለቱንም ጽፌያለሁ፤ የተረፈዎትን ይመልሱልኝ።

እንደምን ከርመዋል? ፈጣሪ ከራስ ፀጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ከዝገት ይጠብቅዎ፤ ሲያረጁም እንደ ክበብዎ አባሎች ያለ አልቃሽ አያሳጣዎ። እኛ ከክፉው ቀን የተረፍነው፣ ጥቂት ስለሆንን ለመጠየቅም አናስቸግርም፣ ደኅና ነን።

እኔ ወርቂቱ እባላለሁ። ፊደል የቆጠርሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ማንበብ ስትችዪ ዓይንሽ ይበራል ብለውኝ ነበር። ከፊደል ገበታው ቀጥሎ በእጄ የገባው ግን ገበሬ ማኅበራችን ዘንድ የተላከው የእናንተ መጽሔት ስለሆነ፣ ዓይኔ ከበራ በኋላ መጀመሪያ ያየው እናንተን ነው። አባሎቻችሁ ተሰብስበው ችላ ስለተባሉ አሮጌ አውሮፕላኖችና እንግዳ በሆነ መንገድ ስላረፉት የተወያዩትን እያንዳንዱን ቃል በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁ። ስጨርስ ምሳዬን ለውሻ ሰጠሁት።

በመጽሔቱ መጨረሻ፣ በጥር ወር ዶዘር ይዛችሁ እንደምትመጡ፣ በሜዳችን ላይ የቀረውን የአውሮፕላን ቀፎ ጎትታችሁ ለሙዚየም እንደምታበቁት፣ ለዚህም ሲባል «በዙሪያው ያለ ጉብታ ሁሉ እንደሚደለደል» ተገልጿል። በግራ ክንፉ ሥር ያለው ጉብታ የባለቤቴ የአድማሴ መቃብር ነው። የጻፍሁልዎ ስለዚሁ ነው። የቀረው ምስጋና ስለሆነ እንደ ጽሕፈት ቤት ወግ በቁጥር አስቀምጠዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ዕንባችሁ አመሰግናለሁ። አንድ አባላችሁ አምና እዚህ መጥተው ወደ ቀፎው ሲገቡ የጥጃ እበት አግኝተው «ዕንባዬን መቆጣጠር አልቻልሁም» ብለው ጽፈዋል። በስድሳ አምስት ክረምት ከወግዲ እስከ መካነ ሰላም ሰው በመንገዱ ዳርና ዳር ተኝቶ ነበር፤ ከተኛበትም የሚያነሳው አልነበረም። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ግን እንሰማ ነበር። ያኔ ከላይ ያለቀሰ ሰው ኖሮ እንደሆነ ዕንባው በነፋስ ተወስዶ ይሆናል፤ እኛ ዘንድ አልደረሰም። ጥጆቹን በተመለከተ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ መጽሔት ስለማያነቡ ያሉበትን የክብር ስፍራ አላወቁትም።

ሁለተኛ፤ አስተዋዮች ስላላችሁን አመሰግናለሁ። መጽሔታችሁ «አብራሪው በጉም ተከቦ ሳለ ገበሬዎቹ በአስተዋይነት ግራና ቀኝ ተሰልፈው ማረፊያውን አመለከቱት» ይላል፤ ከአባሎቻችሁም አንዱ ይህን ማረፍ ከቅኔ ጋር አስተያይተውታል። እኛ ማንንም አላመለከትንም። እየቀበርን ነበር።

ይህ እንዲገባዎት የቅሬያችንን ሥርዓት ልንገርዎ። ቅሬ እናንተ እድር የምትሉት ነው፤ በእኛ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም የሚቀባበረው በአንድ ቅሬ ነው። በዚያ ክረምት ተሸካሚዎቹ ራሳቸው ከነሬሳው ይወድቁ ስለነበር፣ የቅሬያችን ዳኛ ሼህ አብዱልጀሊል አንድ መላ ዘየዱ። ተሸክሞ መራመድ ያቃተው ሰው ቢያንስ ይቁም ብለው ቀበሌውን ግራና ቀኝ በረድፍ አሰለፉት፤ ቃሬዛው በመካከል ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ይሄዳል፤ አሳልፎ የሰጠም ቀስ ብሎ ከፊት ሄዶ እንደገና ይቆማል። የነጫጭ ልብሳችን ረድፍ ጨፌውን ለሁለት ሰንጥቆ ወደ ጊዮርጊስ የሚሄደው ለዚህ ነበር። በቃሬዛው ላይ ያለው አድማሴ ነበር።

የእናንተ ተወዳጅ ከጉሙ ወጥቶ መጣብን። እኛ በየፊናችን ስንበታተን ቃሬዛው መሬት ላይ ቀረ። ጎማው ሳይደርስበት ቆመ፤ ለዚህ አብራሪው ሊመሰገን ይገባዋል። የሚሽከረከረው ማራገቢያ ነፋስ ግን መገነዣውን ገፎ ወሰደውና የአድማሴን ጎድን አገሩ ሁሉ ቆሞ ቆጠረው። ክቡር ጓድ፣ በዚያ ውይይት ላይ ስለ ነፋሱ ኃይል አንድ ሙሉ ገጽ ጽፋችኋል፤ ምን እንደገለጠ ግን የሚጠይቅ አባል አላገኛችሁም።

ሦስተኛ፤ ስለ ጭነቱ። «ጭነቱ አንዳች ጉዳት ሳይደርስበት ለባለቤቱ ደረሰ» ብላችሁ በኩራት ጽፋችኋል። እውነት ነው። በየሳጥኑ ጭድ ውስጥ የተቀበረ መጠጥና ብርጭቆ ነበር፤ በመካነ ሰላም ለሹማምንት ግብዣ የታሰበ። ከአውሮፕላኑ የወረደው ባለ ካፖርት ሰውዬ ገና እግሩ መሬት ሲነካ «ምን አፍጣችሁ ትቆማላችሁ? ኑ፣ ተሸከሙ!» አለ። ሼህ አብዱልጀሊል «ጌታው፣ ሬሳ መሬት ላይ ነው፤ እሱን ቀብረን እንምጣ» ቢሉት፣ «እሱ አይቸኩልም፤ የሚቸኩሉት እንግዶቹ ናቸው» አላቸው። ዳቦ አለ ተባለና ጉልበት የቀራቸው ወንዶች ሁሉ ሄዱ። የሄዱትን አልረግምም፤ ዳቦ ሲባል እኔም እግሬ ተነስቶ ነበር። ጎረቤታችን ካሳ ዳገቱ ላይ ሳጥኑን እንደያዘ ወደቀና ቀረ። ሳጥኑን ከላዩ አንስተው ለሌላ አሸከሙት፤ በውስጡም አንዲት ብርጭቆ አልተሰነጠቀችም። ስለ ጥንቃቄያቸው በመጽሔታችሁ ብትጨምሩበት መልካም ነው።

ለሚቀጥለው ቁጥር አልሰጠውም፤ ምስጋና አይደለምና እንዲሁ ይጻፍ።

ጊዮርጊስ ከማዶ እየታየን የሚሸከም ጠፋ። በእኛ አገር ሴት መቃብር ብትቆፍር ነውር ነው። ኑርጃን የምትባል ጎረቤቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና «ነውሩን ለሁለት እንካፈለው፣ ወርቂቱ፤ ብቻሽን አይከብድሽም» አለችኝ። ዝናብ ይጥል ስለነበር ከክንፉ ሥር ቆፈርን። ቄሱ እዚያው ቆመው ፈቱት። ከላይ ቤንዚን ይንጠባጠብ ነበር፤ አድማሴን የሸኘነው በዕጣን ፈንታ በእሱ ሽታ ነው። ዛሬም መኪና በአጠገቤ ሲያልፍ አፍንጫዬን በነጠላዬ እይዛለሁ። በኋላ የአውሮፕላኑ ባለቤቶች መጥተው ሞተሩንና የሚጠቅማቸውን ፈትተው ወሰዱ፤ ቀፎውንና አድማሴን ለእኛ ተዉልን።

ከዚያ አብዮት መጣ፤ መሬት ለአራሹ ተባለ፤ እልል ብያለሁ። ለአድማሴ የደረሰው መሬት በቁመቱ ልክ ነው፤ ያንኑ ደግሞ አሁን እናንተ ልትደለድሉት ነው። ምናልባት ለአውሮፕላኑ የወጣ አዋጅ ሳንሰማ ቀርተን ይሆናል።

መጽሔታችሁን ለቅሬው ጉባኤ አነበብሁት። ሼህ አብዱልጀሊል እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ፣ «ሰውን ጉብታ፣ ቆርቆሮን ቅርስ የሚል ሰው ጤና የለውምና በማርያምሽ፣ ጤናውን ጠይቂልኝ» አሉ። በደብዳቤዬ መጀመሪያ ላይ ጤናዎን መጠየቄ ከራሴ ብቻ እንዳይመስልዎት ነው ይህን መንገሬ።

ቅሬውም እንዲህ ቆርጧል። ቀፎውን ውሰዱት፤ ማንም አይከለክላችሁም፤ ጥጆቹን ሌላ ቤት እንሠራላቸዋለን። መቃብር ግን በዶዘር አይነሳም። ያን ቀን ወንዶቻችንን ከቃሬዛው ሥር አውጥቶ ከሳጥን ሥር ያስገባቸው የእናንተ ተወዳጅ ስለሆነ፣ ተሸካሚ የምታመጡት እናንተ ናችሁ። ቄሱ ጸሎቱን ያደርሳሉ፣ ዐፅሙን እኛ አውጥተን እንገንዛለን፤ ከጨፌው እስከ ጊዮርጊስ ደጅ በትከሻ የሚሸከሙት ግን የክበብዎ አባሎች ናቸው፤ እርስዎ ከፊት ሆነው። በእበት ላይ ያለቀሱት አባል እንዳይቀሩ፤ ዕንባቸው በዚያ ቀን ይፈለጋል።

ይህ ካልተመቻችሁ ዶዘሩ ሲመጣ ጉብታው ላይ ተቀምጬ ያገኘኛል። «ጉብታ ሁሉ» የተባለው እኔንም ይጨምር እንደሆነ ለሾፌሩ አስቀድመው ይንገሩት፤ ደመወዝተኛ ነውና ባልሠራው ኃጢአት በእኔ ፊት አይቸገር።

ዕድሜ ሰጥቶኝ ለአሮጌ ነገር ያለዎት ርኅራኄ አንድ ቀን እስከ ሰው ድረስ ሲደርስ ለማየት የምመኝ፣ ስለ ዕንባችሁ፣ ስለ ቅኔያችሁና ስለ ዶዘራችሁ ከወገቤ ዝቅ ብዬ የማመሰግን፣ በገዛ እጄ የጻፍሁ፣

የአድማሴ ሚስት
ወርቂቱ

ማስታወሻ፤ በመጽሔታችሁ «የአውሮፕላኑ በር የት እንደደረሰ የሚያውቅ ይጠቁመን» ብላችሁ ለምናችኋል። እኛ ዘንድ አለ። ያን ቀን ባለ ካፖርቱ አድማሴን ከቃሬዛው ላይ አስወርዶ ሳጥን አስጫነበት፤ ቃሬዛችን እንደሄደ ቀረ። በምትኩ በሩን ነቅለን ወሰድን፤ ከዚያ ወዲህ በቀበሌያችን የሞተ ሁሉ የወጣው በእሱ ላይ ነው። እንደምታዩት አንድም ቀን ችላ አላልነውም። አድማሴንም የምትሸከሙት በእሱ ነው፤ ጠርዙ ትከሻ ይልጣልና ኮታችሁን እንደለበሳችሁ ኑ።