ግማሹ በማሽን፣ ግማሹ በድንጋይ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት 2፡30

እንደገና ዝገት። በግራይንደር ማሽን ስዬ በመለስኩት የቀዶ ሕክምና መቀስ ላይ። ነጠብጣቦች፣ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ። የክሊኒኩ ቀዶ ክፍል ኃላፊ ሲ/ር አበባ ራሷ ትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ ድረስ ይዛው መጣች። «መምህር፣ ስለትህ መልክ ብቻ ሆነ እኮ!» ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አዲስ እስኪመጣ ወራት ነው። የሳልኩላት ሌሎች አራት አሉ፤ እስካሁን ደህና ናቸው።

የማይዝግ ብረት ለምን ይዝጋል? በአጉሊ መነጽር አየሁት። ላዩ የታረሰ ማሳ ነው! ከሩቅ መስታወት፣ ከቅርብ ትልም።

ማክሰኞ፣ 9

ገበያ፣ ቢላ የሚስሉት ሐጂ ሙሳ ዘንድ። ከመንጌ ወንዝ ባመጡት ድንጋይ፣ ውሃ እያንጠባጠቡ ይስላሉ። መቀሱን በጥፍራቸው ዳሰሱ። «ያ ኡስታዝ፣ አንተ ብረት አቃጠልክ። መቀስ ነው፣ ሥጋ አይደለም፤ ለምን ጠበስክ?» ወረፋ የያዙት ሴቶች ሳቁብኝ። አፈርኩ። መንገድ ላይ ግን ሐሳብ መጣልኝ፦ ማሽኑንና ድንጋዩን ባወዳድርስ? እየሮጥኩ ወደ ሐጂ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ 10

የተጣለ መቀስ ፈታሁ። ሁለት ግማሽ፣ አንድ ብረት። አንዱን በማሽን፣ በደረቁ። ሌላውን ሐጂ በድንጋያቸው፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ሁለቱም ጨው ውሃ ውስጥ። ምሳ አልበላሁም። ደጋግሜ አያለሁ፤ ምንም።

ዓርብ፣ 12። ጠዋት 1፡00

የማሽኑ ዛገ! የድንጋዩ ንጹሕ! ብቻዬን ጮኽኩ። ዘበኛው ጋሽ ታደሰ ዱላ ይዘው ደረሱ። አሳየኋቸው። «ለዚህ ነው?» ብለው ሄዱ።

ግን ውሃው ነው ያዳነው ወይስ የድንጋዩ ልስላሴ? አንድ መቀስ ምን ያስረዳል?

ሰኞ፣ 15። ከቀኑ 8፡00

ከዓርብ ወዲህ ሌላ ሙከራ፣ በዛገው ግማሽ። በማሽን፣ ግን ውሃ እያፈሰስኩ። ዝገቱ ቀነሰ፣ አልጠፋም። ትልሙ አለ፤ ጨው እዚያ ይተኛል። ደምም ይተኛል። ያንኑ በድንጋይ አለሰልሼ ዳግም ጨው ውሃ ውስጥ ከተትኩት፦ ዝገቱ ጠፋ! ሙቀቱም ትልሙም ናቸው። ሁለቱም! ደስታ አላስቀምጥ አለኝ።

9፡00

ሲ/ር አበባ ደወለች። ነገ ሁለት ቀዶ አላት። አራቱ መቀሶች ያበራሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ አለች። ግኝቴን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። አራቱም በደረቁ የተሳሉ ናቸው። ትልማቸውን እኔ ነኝ ያረስኩት። «አብሮ ይስጠን» ብቻ አልኩ። ስልኩ ተዘጋ።

9፡20

ልሄድ ነው። ፊቷ ቆሜ እነግራታለሁ፤ ትቆጣ። መቀሶቹን ተቀብዬ በቀጥታ ሐጂ ዘንድ። ከመግሪብ ሶላት በፊት ሁለቱን እንኳ ካደረስን፣ ለነገው ቀዶ ይበቃሉ።