መጀመሪያ መቆም፣ ኋላ መጠየቅ

ጠዋት ተነሥተው ፊታቸውን ይታጠባሉ፤ ሻያቸውን ቆመው ይጠጣሉ፤ ከዚያ የሳሎኑን መስኮት ከፍተው በጎረቤት ግቢ ያለውን ዛፍ ያያሉ። ቅጠሉ ብቻ ከተነቃነቀ ሥራ አለ፤ ቅርንጫፉ ከተወዛወዘ ነፋሱ በርትቷልና የለም። እዚያው እንደ ቆሙ ይጸልያሉ። ጸሎታቸው አጭር ነበር፦ «ሂድ ካልከኝ እሄዳለሁ፤ ቁም ካልከኝ እቆማለሁ፤ ዓይኔን ብቻ ክፈትልኝ።» ጫማቸውን አስረው ይወጣሉ። ዛሬ የምንሸኛቸው ሰው ዕድሜያቸውን የኖሩት ከዚህ ጠዋት ብዙም ሳይርቁ ነው።

የተወለዱት በ1948 ዓ.ም. ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ነው። በልጅነታቸው ከጣሪያ ላይ ስለማይወርዱ እናታቸው «ይኼን ልጅ መሬት አልተመቸውም» ይሉ ነበር። መደበኛ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው፣ በቴክኒክ ትምህርት ቤት መካኒክነት ተምረው፣ በአንድ የሕንፃ ሥራ ድርጅት ተቀጠሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክሬን ኦፕሬተር ሆኑ፤ ጡረታ እስኪወጡም ያችን ጠባብ የመስታወት ክፍል በሌላ ሥራ አልለወጧትም።

በ1974 ዓ.ም. ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች፤ ከምታነብበት ክፍል መስኮት ሆና ክሬኑን ታየው ነበር። አባቷ «ይህን ሁሉ ተምረሽ ሰማይ ላይ ለተንጠለጠለ ሰው?» ብለው አኮረፉ። እናቷ ግን «ምን አለበት፤ ሲኮርፍ እንኳ የት እንደሚገኝ ይታወቃል፤ ቀና ማለት ነው» ብለው መረቁ። ጌታም አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ሰጣቸው።

የክሬን ሥራ የመታዘዝ ሥራ ነው። ኦፕሬተሩ ዕቃው የሚያርፍበትን ቦታ ብዙ ጊዜ አያይም፤ ከታች የቆመው ምልክት ሰጪ በእጁ የሚያሳየውን አምኖ ይሠራል። አንሣ፣ አዙር፣ አውርድ የሚለው ያ አንድ ሰው ብቻ ነው። «ቁም» ግን ከማንም ይምጣ ይከበራል። ሁለት እጁን ግራና ቀኝ የዘረጋው ሰው መንገደኛም ቢሆን ክሬኑ ይቆማል። መጀመሪያ ይቆማል፣ ኋላ ይጠየቃል።

በ1985 ዓ.ም. አንድ ረፋድ ላይ የብረት ምሰሶዎች እስር ከፍ አድርገው ሊያዞሩ ነበር። መንገዱ ሲሚንቶ በሚያቦኩት ሰዎች አናት ላይ ያልፋል። ድንገት ለሠራተኞቹ ሻይ የምታፈላው ሴት ከመጋዘኑ አጠገብ ሁለት እጆቿን ዘርግታ ስትቆም አዩ። አቆሙ።

ፎርማኑ በሬዲዮ ጠየቃቸው፤ «ምነው ቆምክ?»

«ቁም ተብያለሁ።»

«በማን?»

«ሻይ በምታፈላው እህታችን።»

«ከመቼ ወዲህ ነው እሷ አለቃህ የሆነችው?»

«እንጃ፤ ምን አይታ እንደሆነ ጠይቋት። እስከዚያ አልንቀሳቀስም።»

ሄደው ጠየቋት። «ኧረ ምንም አላየሁም» አለች፤ «የልብስ ማስጫ ገመድ በክንዴ እየለካሁ ነው። መለካትም ተከለከለ?» ከዚያ ከፍታ ገመዱ አይታይም፤ የታዩት እጆቿ ብቻ ነበሩ። ግቢው በሳቅ አወካ። ፎርማኑም ሬዲዮውን አንሥቶ፣ «ጋሽ ቁም፣ ገመዱ ተለክቶ አልቋል፤ ቀጥል» አለ። ቅጽል ስማቸው የወጣው በዚያች ደቂቃ ነው።

ከሁሉ ጋር ሲስቅ የነበረው ምልክት ሰጪ ቀና አለ። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። እስሩን ያንጠለጠለው ማሰሪያ ተሸርክቶ ግማሹ ብቻ ቀርቷል። ሰዎቹን በአንድ እጁ እያራቀ በሌላው ቀስ ብለህ አውርድ የሚለውን ምልክት ሰጠ። ብረቱ መሬት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ማሰሪያው ተበጠሰ። ከሥሩ ባዶ መሬት ነበር።

አቡኪዎቹ አካፋቸውን እንደያዙ ቀሩ። ፎርማኑ ቆቡን አወለቀ። ሻይ አፍዪዋ ገመዷን ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት ተቀመጠች። ያን ቀን እዚያ የነበሩ ዛሬም ይህን ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እርሳቸው ከላይ ወርደው ያሉት ይህን ብቻ ነው፦ «እሷ ገመድ ትለካ ነበር። እጆቿን የዘረጋቸው ግን ሌላ ነው።»

ባለቤታቸው በትምህርቷ ልማድ «አጋጣሚ ነው» ብላቸው ነበር። አልተከራከሯትም፤ «አጋጣሚም ጌታ አለው» አሉና ጫማቸውን ፈቱ። ከዚያ በኋላ በኖሩበት ዘመን ሁሉ «ቁም» የሚል ድምፅ በልባቸው ከሰሙ፣ የጀመሩትን ክፉ ቃል እንኳ ሳይጨርሱ ዝም ይሉ ነበር። ልጆቻቸው ይህን ያውቁታል።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆዩ። ሐኪሙ መድኃኒቱ ከዚህ በላይ እንደማይረዳ የነገራቸው ዕለት ባለቤታቸው «ጌታን ለምን ብለህ አትጠይቀውም?» አለቻቸው። እጇን ያዙና፣ «ቁም ሲባል መጀመሪያ ይቆማል። የዚያን ቀን ምክንያቱ የመጣው ከቆምኩ በኋላ ነው። አንቺም ቁሚ፤ ይመጣል» አሏት። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ መስኮቱ እንዲከፈትላቸው ጠይቀው፣ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው በሰላም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ምክንያቱ ገና አልመጣም። ባለቤታቸው ግን ቆማለች።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ምልክቱን ያልተላለፉት አምላክ ነፍሳቸውን ከፍ ባለው ማረፊያ ይቀበልልን።

ዛሬ ጠዋትም መስኮቱ ተከፍቶ ነበር። ቅጠሉ ብቻ ይነቃነቃል። ዛፉን የሚያይ ሰው የለም።