መጀመሪያ የነዳኋት እኔ ነኝ

ቤከርስፊልድ፣ ኤፕሪል 1972

ውድ ዴልማር፣

ሐሙስ ከሆስፒታል እንደምትወጣ ሎሬና ነገረችኝ። ደስ ብሎኛል። ይህን አስቀድመህ እወቅልኝ፤ ከዚህ በታች የምታነበው ደስ ያለው ሰው የጻፈው አይመስልም። ፊትህ ቆሜ እንዳልናገረው ደግሞ ራሴን አውቀዋለሁ። ነገሩን ቀልድ አደርገዋለሁ፣ አንተም ትስቃለህ፣ ሳሉ ይነሳብሃል፣ ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል።

ሞተርህን ነድቻታለሁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ጋራዥ ውስጥ ሻሲዋን ቆርጠህ የበየድካት፣ የፊት ጎማዋን የያዘውን ፎርኬላ ያስረዘምከው አንተ ነህ። እኔ መብራት ያዝኩ፣ ቢራ አቀረብኩ፣ አንዳንዴ ብሎን አጠበቅኩ። እኛ ቾፐር ሞተር የምንነዳ ሰዎች ዘንድ ደግሞ የሠራት ሰው ሳይነዳት ሌላ ሰው እንደማይቀመጥባት ሕፃን ልጅም ያውቃል። የዚህ የሸለቆአችን አቧራ የሚያመጣው ትኩሳት ሳንባህን ይዞህ አምቡላንስ ውስጥ ሲያስገቡህ እንኳ፣ የኦክስጅኑን ጭንብል ገፋ አድርገህ ያልከኝ ይህንኑ ነበር።

«ቨርጂል፣ እኔ ሳልነዳት ቂጥህን ብታሳርፍባት ከመቃብር ተነስቼ ነው የማንቅህ።»

ነርሷ ሳቀች። እኔም ማልኩልህ።

ባለፈው ዓርብ ሎሬና ደወለች። ሐኪሙ፣ ዘመድ ካለው ጥሩለት ብሏታል። ድምጿ ደርቆ ነበር እንጂ አላለቀሰችም፤ ታውቃታለህ። ስልኩን ዘግቼ ጋራዥ ገባሁና ሞተርህ አጠገብ ባልዲ ደፍቼ ተቀመጥኩ። ስጸልይልህ ዋልኩ ብልህ ደስ ባለኝ። ጥቂት ጸልያለሁ። የቀረውን ጊዜ ሞተርህን ሳይ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መፍቻ አነሳሁ። ሳላስበው ነው እንዳልልህ ይሄ ይከለክለኛል። የእግር መርገጫዎቿን በአንተ ቅልጥም ልክ ወደ ፊት አርቀህ ነው የሠራሃቸው፤ እኔ አጭሩ አልደርስባቸውም። ፈታኋቸው፣ ወደ ኋላ አቀረብኳቸው፣ መልሼ አጠበቅኳቸው። ጊዜ የሚወስድ ሥራ ነው። መሃል ላይ ማቆም እችል ነበር።

አሁን ስለ እሷ ልንገርህ፤ ተናድደህም ቢሆን ማወቅ እንደምትፈልግ አይጠፋኝም። ብዙ ረግጬ ነው የተነሳችልኝ። ከሰፈር እስክንወጣ ፍዳዬን አሳየችኝ፤ ቀስ ብላ ስትታጠፍ ያ ረጅም ፎርኬላ በራሱ ወደ ጎን ይወድቃል፣ የጎረቤቴ አጥር ላይ ልትሰቅለኝ ምንም አልቀራት። ከኋላ ሞላ ስለሌላት የመንገዱን ጉድጓድ በሙሉ የተቀበለው ወገቤ ነው። ከፊት ፍሬን ምን ይሠራላታል ብለህ የተከራከርከኝን ደግሞ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ አንድ ጥጥ የጫነ መኪና ድንገት ፊቴ ሲቆም መልሱን አግኝቼዋለሁ። ወደ ታፍት የሚወስደው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ስወጣ ግን ሌላ ሆነች። ነዳጅ ስሰጣት ጭራሽ ረጋች። እጄ ከፍ ብሎ፣ እግሬ ተዘርግቶ፣ ከመሬት ነዳጅ የሚስቡት ፓምፖች ግራና ቀኝ እየሰገዱ ሲያልፉኝ፣ ድምጿ ደረቴ ውስጥ ሲመታ፣ ብቻዬን ጮህኩ። ዴልማር፣ እስከ ዛሬ ከሠራሃቸው ሁሉ ትበልጣለች።

ያሳፈረኝ መንዳቴ ብቻ አይደለም። ታፍት ደርሼ እስክመለስ ድረስ አንተን አንድ ጊዜ እንኳ አላስታወስኩህም።

ስመለስ ሎሬና ደጄ ላይ ተቀምጣለች። መርዶ ይዛ የመጣች መሰለኝ። ሞተሩን አጠፋሁት፤ የጋለው የጭስ ማውጫ ቱቦ ብቻ ቀጭ ቀጭ ይላል።

«ትኩሳቱ ሌሊት ለቀቀው» አለች። «ዓይኑን ገልጦ ሾርባ ጠየቀኝ። ስልክ ብደውል ብደውል አታነሳም፤ አብረን ደስ ይበለን ብዬ ነው የመጣሁት።» ከዚያ ቱቦውን አየች፣ መርገጫዎቹን አየች። «አልሞተም እኮ፣ ቨርጂል።»

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ፍሬኗን ልሞክርለት ብዬ ነው አልኳት።

«ለእኔ አትንገረኝ» አለች። «ለእሱ አንተው ንገረው።» መኪናዋን አስነስታ ሄደች።

ፍሬን ልሞክር አልነበረም። ሞተሃል ብዬ ነው የነዳኋት። ሚስትህ አልጋህ አጠገብ ተቀምጣ ገና ተስፋ ሳትቆርጥ፣ እኔ በልቤ ቀብሬህ፣ ሞተርህን ወርሼ፣ በእግሬ ልክ አስተካክያት ነበር። ወንድሜ የምትለኝ እኔ።

ቱቦውን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። አዲስ ክሮም መጀመሪያ ሲግል ቀለሙ ይለወጣል፣ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። ሞተሩን ጋራዥ ውስጥ ስንሞክር ያን ዝገታም ቱቦ ያሰርክላት፣ አዲሱን መንገድ ላይ አንተ ራስህ ልታግለው ስለፈለግህ ነበር። አሁን ከሥሩ ወርቃማ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ሆኗል። ክሮም የሚነክርልን ሆይት «እስከ ሐሙስ ሌላ ቱቦ አደርስልሃለሁ፣ ዴልማር ነፍሱም አያውቅ» አለኝ። እምቢ አልኩት። እንዳለ ታየዋለህ። ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋራዥ ጭነሃት ልትሄድ ብትፈልግ በሩን እከፍትልሃለሁ፣ ስትጭናትም አግዝሃለሁ።

ከቅዳሜ ወዲህ አልነዳኋትም። ቤንዚን ሞልቼላታለሁ። ስትታጠፍ ወደ ጎን መውደቋን አትርሳ፤ ገና ከሕመም ነው የተነሳኸው፣ ክንድህ እስኪጠና ጠብቅ። መርገጫዎቹን ወደ ቦታቸው መልሻለሁ። ልክ መሆናቸውን ለማየት አንድ ጊዜ ተቀምጬባት ነበር። እግሬ አይደርስም።

ሐሙስ በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቅህ፣
ቨርጂል